ስድስት ደቂቃ ፊልም፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፦ የክርስትናን ታሪክ በአጭር ፊልም ስለ ማስተማር

በድሬዳዋ ወይም በሐረር የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርና ማታ ማታ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛል። ሁለቱም ከቤታቸው ይዘውት የመጡት የሃይማኖት ዕውቀት ቀላል አይደለም፤ ያልለመዱት «ይህን በምን እናውቃለን?» ብሎ መጠየቅን ነው። ስለ ክርስትና ታሪክ የተሠራ አጭር ፊልም ይህን ጥያቄ ለማስለመድ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ መምህሩ ግን ፊልሙን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ምስክር ቃል ሊያቀርበው ይገባል። ምስክር ይደመጣል፤ ከዚያም ይጠየቃል።

በቅድሚያ መወሰን ያለበት ርዝመቱ ነው። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ስም መጥሪያውና ክፍሉን ማረጋጊያው ሲቀነስ የሚተርፈው ከ30 ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ያለው ፊልም ይበቃል፤ ፊልሙ ረዥም ከሆነ አንዱን ክፍል መርጦ ማሳየት ይሻላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት የምናስታውስ ሰዎች ምክንያቱን አንስተውም፤ ስክሪኑ ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ይቀጥል ነበር፣ የክፍሉ መምህርም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። አሁን ማስቆሚያው በእጃችን ነውና እንጠቀምበት። እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የ25 ደቂቃ ፊልም ሳላቋርጥ አሳይቼ፣ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው «ምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ሙዚቃው ደስ ይላል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሌላ ነገር እንዲያዩ አላዘጋጀኋቸውም ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱ ቤት ያልቃል። ፊልሙን መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች፣ ቀጥሎ ደብተር ይዞ፣ በመጨረሻም ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይጠቅማል። ድምፁ ሲጠፋ ሙዚቃው ሸፍኖት የነበረው ነገር ይገለጣል፦ የተዋናዮቹ ልብስ ከየት እንደመጣ፣ ከኋላ የሚታየው ሕንፃ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ የትኛው ንግግር በጽሑፍ የተገኘ፣ የትኛው ደራሲው የጨመረው እንደሆነ ማስተዋል ይጀምራል። ማቆሚያ ደቂቃዎቹንም እዚያው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከሁለት በላይ ግን መሆን የለባቸውም፣ አለዚያ ፊልሙ ይበጣጠሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር መምህር ክርስትና ወደ አክሱም ስለ ገባበት ጊዜ የሚተርክ ፊልም እመክራለሁ። እንዲህ ባለው ፊልም ላይ ፍሬምናጦስ ንጉሥ ኢዛናን ሲያጠምቅ የሚያሳይ ትዕይንት ቢመጣ ምስሉን እዚያው አቁሞ «ይህን ማን አየ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ሦስት ምንጮች በየተራ ይቀርባሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ታሪኩን ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤድስዮስ አፍ እንደሰማ ይናገራል፤ ከጢሮስ የመጡት ሁለቱ ወጣቶች በቤተ መንግሥት እንዳደጉ፣ ፍሬምናጦስም እስክንድርያ ወርዶ ከፓትርያርኩ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና እንደተቀበለ ይተርካል፤ የንጉሡን ስም ግን አይጠቅስም፣ አገሩንም «ህንድ» ይለዋል። ሁለተኛው ምንጭ የኢዛና ገንዘብ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጠው የወርቅ ሳንቲም በመጀመሪያ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረበት፤ በኋላ በዚያው ቦታ መስቀል ገባ። ሳንቲሙ ፍሬምናጦስን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሦስተኛው ነው፤ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የጻፈው፣ ፍሬምናጦስን ወደ ግብፅ እንዲልኩለት የሚጠይቀው፣ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ የቆየልን ደብዳቤ።

የሁለቱን ሳንቲሞች ፎቶ አትሞ በየዴስኩ ማደል ከፊልሙ የማያንስ ዋጋ አለው። ልጆቹ ምንም ሳይነገራቸው ልዩነቱን ራሳቸው ፈልገው ሲያገኙ፣ ጣታቸውን መስቀሉ ላይ አድርገው እርስ በርስ ሲከራከሩ ማየት ለመምህር ትልቅ ደስታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ተማሪ «እኛ የምናውቀው አብርሃና አጽብሓን ነው» ብሎ እጁን ያወጣል፤ ሊያወጣም ይገባል። ትውፊቱ ነገሥታቱን በእነዚህ ስሞች እንደሚያውቃቸው፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ከኢዛናና ከሳይዛና ጋር እንደሚያዛምዷቸው በአክብሮት ማስረዳት ያስፈልጋል። ትውፊት የራሱ ቦታ ያለው ምንጭ ነው፤ የመምህሩ ኃላፊነት የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በተግባር ይህ ማለት ለጸሎት፣ ለስብከት ወይም ሰውን ወደ እምነት ለመጥራት የተሠራ ፊልም ለክፍል አይሆንም ማለት ነው። የመምህሩ አነጋገርም ይህንኑ ይከተላል፤ «ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ» እና «በዚህ ዓመት እንዲህ ሆነ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ደጋግሞ ሊሰማ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ታሪክም ከዚሁ ርዕስ ጋር አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው፤ ሙስሊሙ ልጅ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ታሪክ ለክፍሉ የሚያብራራበት ቀን ይሆናልና።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 ከሽምብራ ኩሬ እስከ 1543 የወይና ደጋ ጦርነት ያለውን ዘመን የሚያሳዩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወገን የተተረኩ ናቸው፤ ሐረር ውስጥ ደግሞ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም የሩቅ ታሪክ ሰው አይደሉም። በየቀኑ በጀጎል በር የሚያልፍ ተማሪ ግንቡን አሚር ኑር ከዚያ ጦርነት በኋላ እንዳሠሩት ያውቃል። እንዲህ ባለው ክፍል መምህሩ ኢማሙን በቅጽል ስም ሳይሆን በሙሉ ስማቸው መጥራት አለበት። ከፊልሙም ጎን የሁለቱን ወገን ጸሐፊዎች አጫጭር ምንባቦች ማቅረብ ያስፈልጋል፦ ከኢማሙ ወገን ሆኖ ዘመቻውን የጻፈውን ሺሃብ አል-ዲንንና የክርስቲያኑን ንጉሥ ሊረዳ ከጦር አዛዡ ከክርስቶፎሮ ደ ጋማ ጋር የመጣውን ፖርቱጋላዊ ካስታኞሶን። የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያንም የተዘረፈ መንደርም በዚያ ዘመን ነበረ፤ ሁለቱንም ሳይሸሽጉ፣ አንዱን ልጅ ለአባቶቹ ሥራ ተጠያቂ ሳያደርጉ መናገር ይቻላል። ጊዜ ከሌለ ግን ይህን ርዕስ በፊልም አለመጀመር ይሻላል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ፊልሙ በፍላሽ ላይ አስቀድሞ ይጫን፤ ኢንተርኔት ላይ መተማመን አይገባም። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፤ መብራት ቢጠፋ የታተሙት ፎቶዎች ትምህርቱን ይቀጥላሉ። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ መስኮት ዘግቶ ክፍል ማጨለም ልጆቹን በሙቀት መቅጣት ስለሆነ ጠዋት ያለውን ክፍለ ጊዜ ይምረጡ። ተራኪው በማይገባ እንግሊዝኛ የሚናገር ከሆነም ድምፁን ቀንሰው ራስዎ ይተርኩ።

ለቤት ሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ የሌለው ምስል አሳይቼ ተራኪው የሚለውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ አንድ ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ልጅ አብረው ይጽፋሉ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብም በሩፊኖስ፣ በሳንቲሙ፣ በደብዳቤው ወይም «በራሳችን ግምት» ብለው ምንጩን ያስቀምጣሉ። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው «በራሳችን ግምት» የተባሉትን በማንበብ ነው።