ጅማ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትር ልትገዙ ከሆነ ስፔኩን እንዲህ ጻፉት

ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሎችን በክብደታቸው እየለየ የሚለካ ማሽን ነው፣ ስፔክ የምንለው ደሞ ሻጩ እንዲያሟላው የምትጽፉት ዝርዝር መስፈርት ነው። መጀመሪያ የሻጩን ብሮሸር ዝጉትና ምን እንደምትለኩበት ጻፉ። እኛ ጋ መቼም ቡና አይቀርም፣ ቡና ላይ ደሞ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል የሻጋታ መርዝ አለ፣ አውሮፓ ከ2023 ጀምሮ ለተቆላ ቡና በኪሎ 3 ማይክሮግራም ነው የሚፈቅደው፣ ስለዚህ ማሽኑ ከዛ በደንብ ዝቅ ብሎ ማየት አለበት፣ እሱንም በንጹህ ስታንዳርድ (መርዙ ብቻ ባለበት መፍትሄ) ሳይሆን በቡና ናሙና እንዲያሳዩ ጠይቁ ምክንያቱም ቡናው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሲግናሉን ያፍነዋል።

ሬዞሉሽን (ክብደታቸው የተቀራረቡ ሞለኪውሎችን የመለየት አቅም) ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ናይትሮጅንም ካርቦን ሞኖክሳይድም 28 ናቸው እንላለን፣ በትክክል ሲለካ ግን አንዱ 28.0061 ሌላው 27.9949 ነው፣ እንዲህ ያለውን መለየት ነው ሥራው። ሬዞሉሽኑን 120,000 ብለው ከጻፉላችሁ ወዲያው በስንት ኤም/ዜድ (ክብደቱ ለኤሌክትሪክ ቻርጁ ሲካፈል) ላይ? በሏቸው። ኦርቢትራፕ የሚባለው የማሽን ዓይነት ኤም/ዜድ 200 ላይ 120,000 ከሆነ 800 ላይ ግማሽ ይሆናል፣ ኪው-ቶፍ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን እንደዛ አይወርድም፣ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር አይሆንም። ደሞ ኦርቢትራፕ ሬዞሉሽኑ ከፍ ሲል ስካኑ ይዘገያል፣ ከክሮማቶግራፊ (ናሙናውን ቀድሞ ከሚለያየው ክፍል) የሚወጣው ፒክ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ በዛ ላይ 10 ነጥብ ገደማ ካላገኛችሁ መጠኑን በትክክል አታወጡም። ስለዚህ ሬዞሉሽኑንና የስካን ፍጥነቱን በአንድ ሴቲንግ ላይ፣ አብረው፣ ጠይቁ እባካችሁ። ማስ አኩረሲ (የተለካው ክብደት ከእውነተኛው የሚርቅበት ስህተት) ከ3 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3 እጅ) በታች በሉ፣ ለካፌይን 195.0877 ላይ ያ 0.0006 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ። 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የቫክዩም ፓምፑንም ይያዝ፣ መብራት ሄዶ ቫክዩሙ ከወደቀ እስኪመለስ ሰዓታት ይፈጃል አንዳንዴም እስከ ነገ። ማሽኑ ሲሠራ የሚፈልገውን ናይትሮጅን በሲሊንደር አታስቡ፣ 50 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 10,000 ሊትር ጋዝ ነው፣ በደቂቃ 20 ሊትር ከበላ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር እያመላለሳችሁ አትችሉትም፣ ናይትሮጅን ከአየር የሚያወጣው ጄኔሬተር ከነኮምፕረሰሩ ስፔኩ ውስጥ ይግባ። ከፍታውን ግን አትፍሩ፣ ብዙ ላብ እቃ እስከ 2,000 ሜትር ነው የሚፈቀደው፣ ጅማ ከዛ በታች ናት፣ ግን ከተማዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ሻጩ በጽሁፍ ያረጋግጥ። ክረምቱ እርጥብ ነው፣ ኤሲና እርጥበት መቀነሻ አትርሱ።

ስልጠናና መለዋወጫ በዋጋው ውስጥ ይካተት። የመጨረሻውን ክፍያ ደሞ ያዙት፣ ማሽኑ እዚሁ ጅማ ተተክሎ በራሳችሁ ቡና ስፔኩን እስኪያልፍ ድረስ፣ ፋብሪካ ውስጥ የተሰራ ቴስት ወረቀት ብቻ ይዘው ቢመጡ አትፈርሙ።