የእንስሳት አኒሜሽን ኮሜዲዎችን ከልጆች ጋር እንዴት ማየት ይቻላል? ከሳቁ ባሻገር ጓደኝነትንና አብሮ መሥራትን ለማስተማር

በሐረር ጁገል፣ በግንብ በተከበበው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ግቢ በሚጋሩ ቤቶች ዘንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን የሁሉም ቤት ልጆች ቴሌቪዥን ነው። ወላጅ በፍላሽ ያስጫነውን ፊልም ይከፍትላቸውና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ልጆቹም ይስቃሉ፣ ይጋፋሉ፣ ሲያልቅም ይበተናሉ። እንስሳት የሚተውኑባቸው አብዛኞቹ አኒሜሽን ኮሜዲዎች ግን ስለ ጓደኝነትና ስለ አብሮ መሥራት ብዙ ነገር የያዙ ስለሆኑ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጥቂት ተዘጋጅቶ አብሯቸው ቢቀመጥ ልጆቹ ከሳቁ በተጨማሪ ሌላ ነገርም ይዘው ይነሳሉ። ከዚህ በታች የምገልጸው አካሄድ ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚመች ሲሆን፣ እኔ በግቢያችን ልጆች ላይ ደጋግሜ የሞከርኩት፣ መጀመሪያ ላይም ክፉኛ የተሳሳትኩበት ነው። ስሕተቴ ፊልሙ እንዳለቀ «ምን ተማራችሁ?» ብዬ መጠየቄ ነበር። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «መተባበር!» አሉኝ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በአንዲት ሳምቡሳ ተደባደቡ።

ፊልሙን አስቀድመው ብቻዎን ይመልከቱት

የመጀመሪያው ሥራ ምርጫ ነው። እንስሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዋደዱበትን ሳይሆን መሐል ላይ ክፉኛ የሚጣሉበትን ፊልም ይምረጡ፤ ጠብ የሌለበት ጓደኝነት ለልጅ የሚያሳየው ነገር የለምና። ለምሳሌ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «ማዳጋስካር» ውስጥ በኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ አብረው የኖሩ አንበሳ፣ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ጉማሬ ደሴት ላይ ይጣላሉ፤ ሥጋ የለመደው አንበሳም ሲርበው የቅርብ ወዳጁን የሜዳ አህያውን ሙዳ ሥጋ አድርጎ ማየት ይጀምራል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው «አይስ ኤጅ» ደግሞ ረጃጅም ክራንቻ ያለው አውሬ ከሁለቱ መንገደኞች ጋር የሚጓዘው አሳልፎ ሊሰጣቸው አስቦ ነው፤ ነገሩ የሚለወጠው በጉዞው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ያለበት ፊልም ብዙ ያነጋግራል።

ሲመለከቱ እርሳስ ይያዙና ሦስት ደቂቃዎችን ብቻ ይመዝግቡ፦ ወዳጆቹ የሚጣሉበትን፣ አንዱ ቀድሞ ወደ ሌላው የሚመለስበትን፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው አንድ ነገር የሚያደርጉበትን። ርዝመቱንም ልብ ይበሉ። «አይስ ኤጅ» 81 ደቂቃ ገደማ ሲሆን በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዙቶፒያ» ግን ወደ 108 ደቂቃ ይጠጋል፤ ይህን ያህል ጊዜ ለሰባት ዓመት ልጅ ረጅም ስለሆነ ለሁለት ቀን መክፈሉ ይሻላል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አስበው ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገው ያቆዩ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ ይስጡት

ከአራት እስከ ስድስት ልጅ ይበቃል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስብከት አይስጡ፤ ይልቁንም ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ «ያስረክቡት»። አንተ አንበሳውን፣ አንቺ ቀጭኔውን ተከታተይ ብለው፣ በኋላ ያ እንስሳ መቼ እንደተከፋና መቼ ሌላውን እንደረዳ እንዲነግርዎ አደራ ይበሉት። ይህን ያደረጉ እንደሆነ ታላላቆቹ ልጆች ዋናውን ጀግና ለመያዝ ይሻማሉ፤ ዕጣ ያውጡና ይገላገሉ።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፊልሞቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ አንዱ በቤቱ አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሦስተኛው ሐረሪ የሚናገር ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የሚሞክረው ልጅ ለሌሎቹ ሲያስረዳ፣ ከእነሱ አንዷ ለታናሿ በቤታቸው ቋንቋ ስታደርስላት፣ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እያለፈ ግማሹ ይለወጣል። ይህን ጫጫታ ዝም ለማሰኘት አይቸኩሉ። ቅዳሜ ላይ ሊታይ የታሰበው አብሮ መሥራት ከፊልሙ ቀድሞ የጀመረው እዚሁ ነው፤ አስተርጓሚውን ብቻ በየ20 ደቂቃው ይቀይሩ፣ ሁልጊዜ የሚያስተረጉም ልጅ ፊልሙን አያይምና።

ሪሞቱን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጫኑ

ማቆም ያለበት ቦታ ጠቡ ከደረሰ በኋላ፣ እርቁ ግን ሳይመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት ልጆቹ መልሱን አያውቁትም፤ ስለዚህ የሚናገሩት ከራሳቸው ነው። «አሁን እናንተ ብትሆኑ ማን ነው ቀድሞ የሚሄደው?» ብለው ይጠይቁና የሁለት ደቂቃ መልስ ሰምተው ፊልሙን ያስቀጥሉ። ከዚህ በላይ ካቆሙ ልጆቹ ፊልሙን ሳይሆን እርስዎን መጥላት ይጀምራሉ፤ እውነት አላቸው።

ከፊልሙ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጥያቄዎ በመልካም ቃል የሚመለስ መሆን የለበትም፤ አንድ የተወሰነ ትዕይንትን የሚጠይቅ ይሁን።

በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» መጨረሻ አካባቢ እጅግ ብዙ ዓሦች በአንድ መረብ ተይዘው ወደ ላይ ይሳባሉ። ትንሹ ዓሣ ሁሉም ወደ ታች እንዲዋኙ ይነግራቸዋል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፉም መረቡ የተንጠለጠለበት ነገር ተሰብሮ ያመልጣሉ። እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ መዝጋት ይቀናናል፤ ነገር ግን ተረቱ የሚያወድሰው የሚያስረውን ድር ነው፣ እዚህ ያበሩት ግን የታሰሩት ናቸው። ይልቅስ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዓሦቹ ቀድሞስ ይዋኙ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ለምን አልወጡም?» ልጆቹ ትንሽ ያስቡና፣ ጉልበቱ የነበረ ቢሆንም እያንዳንዱ ወደ ራሱ አቅጣጫ ሲሄድ እርስ በርሱ እንደተሻረ ራሳቸው ይደርሱበታል። አንዲት ልጅ ይህን ስትሰማ ከወንድሟ ጋር ጀሪካን በዱላ አንጠልጥለው ውኃ ሲያመጡ እሱ እየሮጠ እንደሚያስፈስሳት ነገረችን። እኔ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም።

ስለ «ማዳጋስካር» አንበሳ ደግሞ «ክፉ ሆኖ ነው ወይስ ርቦት?» ብለው ይጠይቁ። ጓደኛ ሳይጠላንም ሊጎዳን እንደሚችል ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ የተራበ አንበሳ ግን ያስረዳል። አንበሳው ወዳጆቹን ላለመጉዳት ራሱን ሲያገልል፣ የሜዳ አህያው ሊያመጣው መሄዱን ያስታውሱና ተበዳዩ ቀድሞ መሄዱ ተገቢ እንደሆነ ያከራክሯቸው። ሁሉም እንዲስማሙ አይጠብቁ፤ እኔ ራሴ ገና አልወሰንኩም።

በ«ዙቶፒያ» ውስጥ ጥንቸሏ ፖሊስ በጋዜጠኞች ፊት ስለ ሥጋ በል እንስሳት በተናገረችው ነገር ቀበሮ ጓደኛዋን ታስከፋዋለች። በኋላ ፈልጋ ስታገኘው ግን ይቅርታ የምትለው ያጠፋችውን በግልጽ እየተናገረች ነው። በእኛ ሰፈር ሁለት ልጆች ሲጣሉ ትልቅ ሰው መሐል ይገባና «በሉ ተሳሳሙ» ይላል፤ ይሳሳማሉ፣ ምን እንደተበደለ ግን ማንም አልተናገረም። ስለዚህ ልጆቹ የጥንቸሏን ንግግር በራሳቸው ቃል እንዲደግሙት፣ ከዚያም ባለፈው ሳምንት ላጠፉት አንድ ነገር በዚያው መልክ ይቅርታ እንዲጠይቁ ያድርጉ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ሳቁ ራሱም ሊጠየቅ ይገባዋል። በኮሜዲ ውስጥ ሁልጊዜ የሚወድቅ፣ ሁልጊዜ የሚሳሳት፣ ሌሎቹም የሚያሾፉበት አንድ እንስሳ አይጠፋም፤ ልጆችም በማግስቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው የዚያን እንስሳ ስም ያወጡለታል። «በእሱ ላይ ስንስቅ እሱም ስቆ ነበር?» የምትለው ጥያቄ ለዚህ ትበቃለች።

ስለ ጅብ

በእንስሳት ፊልሞች ውስጥ ጅብ ብዙ ጊዜ ወይ ጅል ወይ ክፉ ነው። የሐረር ልጆች ግን ይህን ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ማታ ማታ ጅብ ሥጋ ከሰው አፍ በእንጨት ጫፍ ሲቀበል ያያሉ፣ በጁገል ግንብ ሥርም ጅብ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ያውቃሉ። ቁጣቸውን ይጠቀሙበት። «ፊልሙ ስለ ጅብ የተናገረው ካልተስማማችሁ፣ እናንተስ ሳታውቁት እንዲህ የሳላችሁት ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ። በዚያው ልክ፣ በፊልም ውስጥ የሚቀልድ አውሬ በውጭ ያለው አውሬ እንዳልሆነ፣ ጅብ ማብላትም የሚያበሉት ሰዎች ለዓመታት የለመዱት ሥራ መሆኑን ይንገሯቸውና ብቻቸውን እንዳይጠጉት አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

በመጨረሻ በእጃቸው ይሥሩት

ወሬው ሲያበቃ ሥራ ይስጧቸው። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ በእጅ በሚሳል አኒሜሽን ግን አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳዩ በ12 ሥዕል አንድ ሰከንድ መሙላት የተለመደ ነው። ስለዚህ 24 ወረቀት ሁለት ሰከንድ ይሆናል። ወፈር ያለ ወረቀት በመዳፍ መጠን እኩል ቆርጠው ከ1 እስከ 24 ቁጥር ይስጡና ለአራት ልጆች ስድስት ስድስት ያካፍሉ። ሥዕሉ ቀላል ይሁን፤ ለምሳሌ ጅብ ከግንቡ ቀዳዳ ወጥቶ ሲዘል። እያንዳንዱ ሥዕል ከቀደመው በጥቂቱ ብቻ ይለይ፤ ልጁም የቀደመውን ወረቀት ከሥር አድርጎ በመስኮት ብርሃን ላይ ይገልብጠው። እዚህ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጀመር አይችልም፤ ሁለተኛው ልጅ 7ኛውን ወረቀት ለመጀመር የመጀመሪያውን 6ኛ ሥዕል መጠበቅ አለበት። መጠበቁ ያናድዳል፤ ትምህርቱም ያለው እዚያው ነው። የሚጠብቁት ግንቡንና ሣሩን በየወረቀቶቻቸው ላይ በተመሳሳይ ቦታ ይሳሉ።

ሲያልቅ ወረቀቶቹን በተራ ደርድረው በአንድ ጎን በስቴፕለር ወይም በክር አጥብቀው ይሰሩና በአውራ ጣት በፍጥነት እያገላበጡ ያስሩጧቸው። ጅቡ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ ጉልህ ጉድለት የሚታየው ግን ከልጅ ወደ ልጅ በተሻገረበት ቦታ ነው። 13ኛው ላይ ድንገት ጅራቱ ቢጠፋ ወይም ጅቡ ቢያብጥ፣ ማን እንደረሳው አይጠይቁ። 12ኛውን የሳለውና 13ኛውን የሳለው ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው አዲስ 13ኛ ሥዕል እንዲሠሩ ያድርጉና መጽሐፉን ፈትተው እንደገና ይሰሩት።