የሮክ ኮንሰርት ትዝታን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሳገኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። «በአካል ተገኝተህ ካየኸው የሮክ ኮንሰርት ሁሉ የምትወደው የትኛው ነው?» እላለሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ የቡድኑ ስም፣ ከተማው፣ ዓመቱ። ቀጥዬ «ምን ሰማህ?» ስል ግን ብዙው ዝም ይላል። «በጣም ደስ ይል ነበር» ይለኝና ሌላ ወሬ ያነሣል። ጥቂቶቹ ግን የጊታሪስቱ ክር ሲበጠስ ከበሮ መቺው ቦታውን እንዴት እንደሸፈነለት፣ መብራቱ ሲጠፋ ከኋላ ማን እንደጮኸ ሳይቀር ይነግሩኛል። እነዚህን ሰዎች እየሰማሁ፣ የራሴንም ያመለጡኝን ምሽቶች እያሰብኩ፣ የሚከተሉትን ስህተቶች ለቅሜአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘግይቶ መድረስ፣ ቀድሞ መውጣት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው ብዬ ስለማምን አስቀድሜዋለሁ። ቲኬቱ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ቡድን ቆየት ብሎ እንደሚወጣ ያወቀ ሰው፣ መክፈቻውን የሚጫወቱትን ከቁብ ሳይቆጥር ውጭ ቆሞ ያወራል። ቢገባም ጆሮውን አይሰጥም። በጁላይ 1967 ጂሚ ሄንድሪክስ «ዘ መንኪስ» ለተባለው ቡድን መክፈቻ ሆኖ በአሜሪካ ይጫወት ነበር። አዳራሹን የሞሉት ታዳጊዎች ግን የራሳቸውን ድምፃዊ ስም እየጠሩ ጮኹበት፤ ከጥቂት ምሽቶች በኋላም ጉዞውን ጥሎ ወጣ። እነዚያ ልጆች በሮክ ታሪክ ስሙ ከፊት የሚጠራውን ጊታሪስት ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ አግኝተው፣ «ምነው በቶሎ በጨረሰ» እያሉ ነው ያሳለፉት።

ይኸው ሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ለመዝጊያ ቆመ። የዉድስቶክ ፌስቲቫል በኦገስት 1969 ሲካሄድ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ፌስቲቫሉ ወደተካሄደበት እርሻ ጎርፏል። ሄንድሪክስ የመጨረሻው ተጫዋች እንዲሆን ተይዞለት ነበር። በእሑዱ ዝናብና ነፋስ ምክንያት ሰዓቱ እየተገፋ እየተገፋ መድረክ ላይ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት አብዛኛው ሰው ሄዷል። ጭቃው ላይ የተጣለ ብርድ ልብስ፣ ቆሻሻ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት፤ እሱ የተጫወተው በዚህ መካከል ነው። የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ብቻ፣ ድምፁን እያስጮኸና እያጣመመ ያሰማው ያን ጠዋት ነበር። ዉድስቶክ ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣውን ድምፅ፣ ዉድስቶክ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ በቦታው አልሰሙትም።

እኔም አንድ ጊዜ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቡድኑ ሊጨርስ ሲል ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ጥቂት እንደተራመድኩ እንደገና መጫወት ጀመሩ። የኮንክሪት ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አስቀርቶ ወፍራሙን ብቻ ያሳልፋል፤ የመጣልኝም ባስ ጊታሩና የከበሮው ድቅድቅታ ብቻ ነበር። ከባሱ አካሄድ የትኛው ዘፈን እንደሆነ አወቅሁ። ለዓመታት በመድረክ ላይ ለመስማት የተመኘሁት ዘፈን ነው። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ እስኪያልቅ ቆምኩ፤ አውቶቡሱም አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት እንዴት እንደምመለስ ሳላረጋግጥ አዳራሽ አልገባም። ከመክፈቻ ተጫዋቾቹ የመጀመሪያ ዘፈን እስከ መብራቱ መብራት ድረስ ለመቆየት የሚያስችል መመለሻ ቀድመው ያዘጋጁ።

ከመድረኩ ሥር የተሻለ ድምፅ አለ ብሎ ማሰብ

ፊት ለፊት መቆም የሚሰጠው ነገር አለ። ላቡን ያያሉ፣ የጣቶቹን አረማመድ ያያሉ። ድምፁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከላይ ተሰቅለው ወደ መካከልና ወደ ኋላ ያነጣጥራሉ። መድረኩ ሥር ለቆመ ሰው የድምፃዊው ድምፅ በአናቱ ላይ ያልፋል፤ የሚደርሰው ፊቱ የተደረደሩት የጊታር ማጉያዎችና የከበሮው ጩኸት ነው። «ድምፃዊው ዛሬ አልሆነለትም» እያሉ የሚወጡ ሰዎችን ሳገኝ «የት ቆመህ ነበር?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አዳራሹ መካከል ወይም ትንሽ ኋላ ብሎ ብዙ መብራትና ቁልፍ ያለው ጠረጴዛ ዘርግቶ የቆመ ባለሙያ ያያሉ። ምሽቱን ሙሉ ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ የሚያስተካክለውም በራሱ ጆሮ፣ እሱ በቆመበት ቦታ በሚሰማው ልክ ነው። ስለዚህ ከእሱ አጠገብ የቆመ ሰው ሙዚቃው በታሰበለት መልክ ይደርሰዋል። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ቡድን ታዳሚው ኮንሰርቱን እንዲቀዳ ይፈቅድ ስለነበር በ1984 ለቀጂዎቹ የተለየ ቦታ ሰጣቸው። የተሰጣቸው ቦታ ከዚሁ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ጀርባ ነው።

በክፍት ሜዳ በጣም መራቅም ዋጋ ያስከፍላል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መቶ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው የከበሮው ምት ከዱላው አወራረድ በኋላ ሲሶ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ዓይንና ጆሮ ይጣላሉ። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ፊት እሆንና ከዚያ ወደ ባለሙያው አጠገብ እሄዳለሁ።

ጆሮን ያለ መከላከያ ማስገባት

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ያወጡት መለኪያ ቀላል ነው። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ሂሳቡን ይዘው ሲወጡ 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100 ዴሲቤልን በቀላሉ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሁለት ሰዓት መቆየት የቀኑን ልክ ስምንት እጥፍ መውሰድ ማለት ነው።

በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን የሚቀበሉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አሉ፤ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ። የሞተ ሕዋስ አይተካም። ከኮንሰርት ማግስት ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሰምቼ «ያልፋል» ብዬ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። አንዱ ሦስት ቀን ቆየብኝ። በሦስተኛው ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ያ ፉጨት እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ አብሮኝ ሊኖር እንደሚችል ሳስብ የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም። የዘ ሁ ቡድን ጊታሪስት ፒት ታውንሴንድ የመስማት ችሎታው መጎዳቱንና ጆሮው እንደሚጮህበት ደጋግሞ ለሕዝብ ተናግሯል። ይኸው ቡድን በ1976 ለንደን ውስጥ ቻርልተን ሜዳ ላይ ባሰማው ኮንሰርት ከሁሉ የጮኸ ቡድን ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። መዝገቡ በኋላ ይህን ዓይነቱን ክብረ ወሰን መቀበል ያቆመው የሰው ጆሮ እንዳይጎዳ ብሎ ነው።

መፍትሔው ትንሽ ነገር ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የድምፅ መከላከያ። ከስፖንጅ የሚሠራው ርካሹ ዓይነት ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቀንስ ሙዚቃውን ያደፈርሰዋል። ለሙዚቀኞች ተብሎ የሚሠራው ግን ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ዝቅ ያደርጋል። 100 የነበረው በ15 ሲቀንስ 85 ነው፤ ከላይ ያለውን ሂሳብ ይመልከቱ። ብዙ ሰው የማያምነኝን ልጨምር። መከላከያ አድርጌ መስማት ከጀመርኩ ወዲህ የሁለተኛውን ጊታር መስመር ለይቼ መስማት ችያለሁ። ጩኸት ሲበዛ ጆሮ ራሱ ይደነዝዛል፤ ዝቅ ሲል ይለያል። ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ያለ መከላከያ አያስገቡት። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ክርክር አልቀበልም።

ግፊያን እንደ ጨዋታ ማየት

በዲሴምበር 3 ቀን 1979 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ የዘ ሁን ኮንሰርት ለማየት በር ላይ ከተሰበሰቡት 11 ሰዎች ሞቱ። መቀመጫው ቁጥር የሌለው፣ ቀድሞ የገባ የሚይዘው ነበር። የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ፤ ከውስጥ ድምፅ ሲሰማ ከኋላ ያለው ሰው ኮንሰርቱ የተጀመረ መስሎት ገፋ። ቡድኑ ይህን ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። በጁን 30 ቀን 2000 ደግሞ በዴንማርክ የሮስኪልድ ፌስቲቫል፣ ፐርል ጃም መድረክ ላይ ሳለ፣ 9 ወጣቶች ፊት ለፊት በተፈጠረ መጨናነቅ ሞቱ።

በእንዲህ ያለ ግፊያ ሰው የሚሞተው በመረገጥ ብቻ አይደለም። ቆሞ እያለ ደረቱ ታፍኖ አየር ማስገባት ያቅተዋል። ከኋላ ያለው ደግሞ የፊቱን አያይም። እጆችዎ በጎንዎ ተጣብቀው መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው፣ ወይም ሕዝቡ ያለ ፈቃድዎ ወዲያና ወዲህ ሲወስድዎት፣ ያን ጊዜ መውጣት አለብዎት፤ ቀጣዩን ዘፈን አይጠብቁ። ክንድዎን አጥፈው ደረትዎ ፊት ያድርጉ፤ ለመተንፈሻ የሚሆን ቦታ ይጠብቅልዎታል። ማዕበሉን ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ፋታ ሲሰጥ በሰያፍ ወደ ዳር ይራመዱ። አጠገብዎ የወደቀ ሰው ካለ በፍጥነት ያንሡት፤ እርስዎም ከወደቁ በፍጥነት ይነሡ። ከመግባትዎ በፊት ከገቡበት ሌላ ሁለተኛ በር የት እንዳለ ይዩ።

በስልክ መስኮት ማየት

አንድ ዘፈን መቅዳት አይጎዳም። ምሽቱን ሙሉ ክንድን ዘርግቶ መቆም ግን ከኋላ ያለውንም ሰው ይበድላል፣ የራስንም ትዝታ ያሳሳል። በ2014 ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባወጡት ጥናት፣ ሙዚየም የጎበኙ ሰዎች ፎቶ ያነሧቸውን ዕቃዎች ዓይተው ብቻ ካለፏቸው ያነሰ አስታውሰዋል። ኮንሰርት ሙዚየም አይደለም፤ ነገር ግን የእኔም ልምድ ከዚህ ጋር ይስማማል። ስልኬ ውስጥ ከተጠራቀሙት ቪዲዮዎች አንዱንም ሁለተኛ ጊዜ አላየሁትም፤ ድምፃቸው ደግሞ የተቀደደ ከበሮ ይመስላል።

አልበሙን ፍለጋ መሄድ

«እንደ ሲዲው አልነበረም» የሚል ቅሬታ ስሰማ አዝናለሁ። ሌድ ዜፕሊን «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊዩዝድ» የተባለውን ዘፈን በ1968 ሲቀዱት ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር። መድረክ ላይ ግን ጂሚ ፔጅ የቫዮሊን መምቻ በጊታሩ ክር ላይ እየጎተተ፣ ሌሎቹ እየተከተሉት፣ ከ25 ደቂቃ በላይ የሄደበት ጊዜ አለ። አልበሙን በልቡ ይዞ እያነጻጸረ የቆመ ሰው ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ስህተት ነው የሚሰማው። ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት አልበሙን መደጋገም ልማድዎ ከሆነ ይተዉት። ዘፈኑን ማወቅ ይበቃል።

ብዛትንና ዝናን መለኪያ ማድረግ

ቢትልስ በኦገስት 15 ቀን 1965 በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ሲጫወቱ 55 ሺህ 600 ያህል ሰው ተገኝቷል። የተጫወቱት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ጩኸቱ ማጉያዎቹን ስለዋጣቸው ራሳቸው የሚጫወቱትን አይሰሙም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት ቲኬት የሚቆረጥለትን ኮንሰርት እርግፍ አድርገው ተዉት፤ አንዱ ምክንያት ይኸው አለመሰማት ነው።

በሌላ በኩል በጁን 4 ቀን 1976 በማንቸስተር፣ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለች ትንሽ አዳራሽ ሴክስ ፒስቶልስ የተጫወቱት ለ40 ሰው ገደማ ነው። ከእነዚያ አንዱ የነበረው ፒተር ሁክ በማግስቱ ባስ ጊታር ገዛ፤ አብሮት ከነበረው በርናርድ ሰምነር ጋር በኋላ ጆይ ዲቪዥን የሆነውን ቡድን መሠረቱ። ርዝመትም እንዲሁ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ2012 በሄልሲንኪ ከአራት ሰዓት በላይ ተጫውቷል፤ ኩዊን በ1985ቱ የእርዳታ ኮንሰርት፣ በላይቭ ኤድ፣ የተጫወቱት 21 ደቂቃ ነው። ሁለቱም ምሽቶች እስከ ዛሬ ይወራሉ። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ስማቸውን የማያውቋቸው ልጆች የሚጫወቱ ከሆነ ይግቡ፤ እኔ ከምወዳቸው አምስት ምሽቶች ሦስቱ እንዲህ ዓይነት ናቸው።

የራስን ትዝታ በሌላው ወሬ መተካት

የማንቸስተሩን ምሽት «ነበርኩበት» የሚለው ሰው ቁጥር ከ40 ብዙ እጥፍ በልጧል። ሁሉም ውሸታም አይደለም። ደጋግሞ የሰማውን ነገር ያየው የመሰለው አለ፤ ሌላ ቀን ያየውን ከዚህ ያምታታም ይኖራል። በዚያው ሕንፃ ትልቁ አዳራሽ በሜይ 17 ቀን 1966 ኤሌክትሪክ በሌለው ጊታር የታወቀው ቦብ ዲላን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲጫወት አንድ ታዳሚ እንደ ከዳተኛ ቆጥሮት «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። የዚያ ምሽት ቅጂ ያለ ፈቃድ ሲባዛ ለዓመታት የዞረው «ሮያል አልበርት ሆል» የሚል የተሳሳተ ስም ተለጥፎበት ነው። ጩኸቱ ሳይቀር በቴፕ ላይ ተቀርጾ ቦታው ከተሳሳተ፣ በጭንቅላት ብቻ የተያዘው ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ያስቡ።

ስለዚህ የዚያኑ ሌሊት ይጻፉት። ቀኑን፣ የት እንደቆሙ፣ ማን አብሮዎት እንደነበር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዘፈን፣ እንዲሁም በሌላ ምሽት ሊደገም የማይችል አንድ ነገር። ረጅም መሆን የለበትም። እኔ ከቲኬቱ ጀርባ ነው የምጽፈው። ከሁሉ በምወደው ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ከግራ በኩል፣ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር። በአራተኛው ዘፈን መብራት ጠፋ። ከበሮ መቺው በጨለማ ቀጠለ፤ ሰው ሁሉ በጭብጨባ ያዘለት። መብራቱ ሲመለስ ድምፃዊቷ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።»