ተንሳፋፊ ሮቦት ውኃ እንዳያስገባ

በቤት የተሠራ ተንሳፋፊ ሮቦት ውኃ ባስገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ግን ጎማው ካልተሰነጠቀና ከውኃው በላይ ከዋለ እምብዛም አያስቸግርም፤ ዋናው መግቢያ የፕሮፔለሩ (ሮቦቱን በውኃ ላይ የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፤ የሚሽከረከርን ነገር በማጣበቂያ መድፈን አይቻልምና።

ለአካሉ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ እመርጣለሁ። የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ለዓይን ቢያምርም ብዙውን ጊዜ ኢፖክሲ የተባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ አይዝም፤ የደረቀው ማጣበቂያ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ሞተሩ ከውስጥ ይቀመጥና ዘንጉ ክፍተቱ በጣም ጠባብ በሆነ የናስ ቱቦ ውስጥ አልፎ ይውጣ። ፒቪሲው በብርጭቆ ወረቀት ከተሻከረ በኋላ ቱቦው በኢፖክሲ ይያያዛል፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ ደግሞ ወፍራም ግሪስ በሲሪንጅ እየተገፋ ከሌላው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ይሞላል። ቱቦው ወደ ኋላ አዘቅዝቆ የውስጠኛው አፉ ከውኃው ወለል ከፍ ቢል፣ ግሪሱ አልቆ እንኳ ውኃው እስከ ወለሉ ድረስ ብቻ ወጥቶ ይቆማል። ይህ ከማንኛውም ውድ የውኃ መከላከያ ጎማ ይልቅ የሚታመን ዘዴ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው መግቢያ ሽቦ ነው። ከቀጫጭን ክሮች የተገመደ የመዳብ ሽቦ በልባሱ ውስጥ ውኃን እንደ ፋኖስ ክር ስቦ ያስገባል። በመሆኑም ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልባሱን ልጦ፣ ክሮቹን በቆርቆሮ ብየዳ አርሶ፣ ያንኑ ቦታ በኢፖክሲ መቅበር ያስፈልጋል። ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ያለው ሲሊኮን መዳብን ስለሚበላ ከሰርኪቱ አጠገብ አይደረግ።

አየሩም ቸል አይባል። በፀሐይ እስከ 40 ዲግሪ ሞቆ የተዘጋ አየር ውኃው ላይ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም ሮቦቱ ግማሽ ሜትር ያህል የሰመጠ ያህል ውኃን ወደ ውስጥ ይስባል። አዲስ አበባ ላይ ታሽጎ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ሐዋሳ ሐይቅ የተወሰደ ሮቦትም፣ እዚያ የውጭው አየር ግፊት ስለሚበልጥ፣ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ ክዳኑን ከፍቶ እንደገና መዝጋት ይገባል።

ባትሪና ሰርኪት ከመግባታቸው በፊት ሮቦቱ በክብደታቸው ልክ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በውስጡ ከታች ደረቅ ሶፍት ተነጥፎ፣ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይደር። ጠዋት ላይ እርጥቡ የሶፍት ጥግ የትኛው ቀዳዳ እንደሚያስገባ ያመለክታል። ዘንጉ ግን የሚፈተነው ሲሽከረከር ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሶፍት ተነጥፎ፣ ሞተሩ ከውጭ በተዘረጋ ሽቦ ለሩብ ሰዓት ይሥራና ሶፍቱ ዳግመኛ ይታይ።