ጀልባ ጭናችሁ ገላን ስትደርሱ፦ ችግርና መፍትሄ

ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደ ጣና በየብስ ከተጓዘች ወዲህ አስፋልት ላይ ጀልባ ማየት ያን ያህል ብርቅ አይደለም። እኔም ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ ወደዚያው ሳጓጉዝ አዲስ አበባ ሳልገባ ገላን ላይ አንድ ቀን አቆማለሁ። ሹፌሮቹ «አበዛኸው» ይሉኛል። ይበሉ። ዓባይ በረሃ መሃል ቆሞ ከመቅረት ገላን ላይ ሻይ እየጠጡ መፈተሽ ይሻላል።

የጀልባው ሆድ በድጋፎቹ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል ወይም ገባ ብሏል

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ሲሆን ውሃው ሆዱን በሙሉ እኩል ይደግፈዋል። ዝቅ ያለው ተሳቢ፣ ማለትም ሎቤድ ላይ ግን ክብደቱ የሚያርፈው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ክብደቱን መሸከም ያለበት ከሥር በመሃል የሚሄደው አከርካሪው ነው። የጎን ድጋፎቹ ሥራ ጀልባው እንዳያጋድል መያዝ ብቻ ነው። ጫኞች ግን «ይጠበቅ» እያሉ የጎኖቹን ያጠብቃሉ። ከዚያ በየፍጥነት መገደቢያው ሎቤዱ ሲነጥር ጀልባው የተሠራበት ፋይበር ይቀጠቀጣል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ አከርካሪው ሥር ሞራሌ ጨምራችሁ በደንብ እንዲያርፍ አድርጉ። የጎኖቹን የምታላሉት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጀልባው ይወድቃል። ድጋፉ የሚያርፍበትን ቦታ በቡጢ መታ መታ አድርጉ። እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ቦታው እሱ አይደለም፤ ከውስጥ ግድግዳ ያለበትን ፈልጉ። በድጋፉና በሆዱ መሃል ሰፊ ጣውላና ምንጣፍ ይግባ።

ቀበቶው ላልቷል

ጨርቅ ቀበቶ፣ በተለይ ናይለን ከሆነ፣ ሲረጥብ ይለጠጣል። ጭነቱም ከተነሳ በኋላ ይደላደላል። ከሞጆ ወጥታችሁ ብዙ ሳትርቁ አንዴ፣ ገላን ላይ ደግሞ አንዴ አጥብቁ። ቀበቶው ፋይበሩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ ይደረግ።

ጀልባው ከባድ ሆኗል፣ ሲታጠፍም ወደ ጎን ይስባል

ክረምት ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ ዝናብ ሞልቶበታል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ያውም የሚንከላወስ ቶን። ከኋላ ከሥር ያለውን የማስወጫ ታፓ ፍቱት፣ ጉዞው እስኪያልቅ ተፈትቶ ይሂድ። እንዳይረሳ ታፓውን የጀልባው መሪ ላይ እሰሩት። እኔ አንዴ ኪሴ ከትቼው ረሳሁት። ጀልባው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ያስታወስኩት፤ የዚያን ቀን የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም።

የነዳጅ ጀሪካኑና የጀልባውን ጎን ከግጭት የሚከላከሉት የአየር ኳሶች ተነፋፍተዋል

ከውጭ የመጣ የችፕስ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ የሚነፋው በምን ምክንያት ነው? ያው ነው። ጅቡቲ ከባህር ወለል እኩል ናት፣ ገላን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የውጭው የአየር ግፊት ከአምስት አንዱን ያህል ይቀንሳል። ከኳሶቹ አየር አስተንፍሱ፣ የጀሪካኑን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብ አይኑር።

ከላይ ሽቦ ይነካል

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁመት የጀልባው ብቻ ነው፣ የሎቤዱ አልተደመረበትም። ከአስፋልቱ እስከ ጫፉ ራሳችሁ ለኩ። ራዳሩን፣ አንቴናውን፣ ካስፈለገም የፊት መስታወቱን ፍቱ። ቡሎኖቹን በየፌስታሉ ለዩና ስም ጻፉባቸው። ከፊት የምትሄደው ፒካፕ ላይ ከጭነቱ አንድ ስንዝር የሚበልጥ የፕላስቲክ ቱቦ አቁሙ። ቱቦው ሽቦ ወይም የእግረኛ ድልድይ ከነካ ሎቤዱ ከመድረሱ በፊት ይቆማል። ረዳት በእንጨት ሽቦ ሲያነሳ አይቻለሁ። ነፍስ ነው፣ አይሞከርም። የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው ያንሱት።

ጣና ከገባ በኋላ ሞተሩ ደክሟል

ባለቤቱ «መንገድ ላይ አበላሻችሁት» ብሎ የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ15 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል። ዙሩ አይሞላም፣ ናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጭስም ያበዛል። ሞተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፒቹ ያነሰ ፕሮፔለር፣ ማለትም በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት የሚገፋ፣ ቀይራችሁ ሞክሩት።