ባክቴሪያውን የገደለው ውህዱ ነው ወይስ ሎሚው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የማስተርስ ተማሪ ባክቴሪያ ያበቀለበትን ፕሌት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ፊቱ በርቷል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ፣ የሠራው ውህድ ባለበት ዲስክ ዙሪያ፣ ባክቴሪያው ያልበቀለበት 15 ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ ክብ አግኝቷል። «ማሟሟቻው ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ዲስክ የታለ?» አልኩት። የለም።

ልጆች፣ ስንቴ ልናገር! ውህዱን ያሟሟችሁበት ፈሳሽ ራሱ ባክቴሪያን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ አጋሩን (ባክቴሪያው የሚበቅልበትን ጄሊ መሰል ምግብ) በስታችሁ ጉድጓዱን በ100 ማይክሮ ሊትር ስትሞሉት። እዚያው ፕሌት ላይ አሟሚው ብቻ ያለበት አንድ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ያለበት ሌላ አንድ ይቀመጥ። ያለ እነሱ የለካችሁት ቁጥር የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

እኔም ተቃጥዬበታለሁ። የቢጂኔሊን ሪአክሽን በሎሚ ጭማቂ ሠራሁ፦ ቤንዛልዲሃይድ፣ ኢታይል አሴቶአሴቴትና ዩሪያ በአንድ ብልቃጥ። ነጭ ዱቄት ወረደልኝ። አንዴ በውሃ ለቅለቅ አድርጌ ወደ ባክቴሪያው ሮጥኩ። ክቡ ያምር ነበር። ዱቄቱ ግን ከ188 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 196 ድረስ እየተንዘላዘለ ነው የቀለጠው። ንጹሑ ከ200 በላይ ነው፣ ያውም በአንድ ሁለት ዲግሪ ውስጥ ቀልጦ ያልቃል። እያየሁ አለፍኩት። በኋላ ከትኩስ ኢታኖል ዳግም ክሪስታል አድርጌ፣ አጥርቼ ስሞክረው ክቡ የለም። ሲገድል የነበረው ያልታጠበው የሎሚ አሲድ ወይም የተረፈው ቤንዛልዲሃይድ እንጂ ውህዱ አልነበረም። ሦስት ወር ሄደ።

«አረንጓዴ» (አካባቢን የማይጎዳ) የሚለውንም ቃል በቀላሉ አትጻፉት። ሪአክሽኑን በውሃ ሠርቶ፣ ለማጥራት ከነዳጅ የሚወጣ ሄክሴን ሁለት ሊትር በኮለም (በማጥሪያ ቱቦ) ማፍሰስ ምኑ አረንጓዴ ነው? ኬሚስቶቹ አናስታስና ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1998 ካስቀመጧቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆች የመጀመሪያው ቆሻሻን ከመነሻው አለመፍጠር ነው። ምርቱ በማጣራትና በክሪስታል ከጠራ ኮለሙን ተዉት።

አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከሳሳ ክቡ ያለ አግባብ ይሰፋል። የባክቴሪያውን ብዛት በዓይን አትገምቱ፣ 0.5 ማክፋርላንድ የሚባለው የድፍርስነት መለኪያ አለላችሁ።

የሁለት ውህዶችን ክብ ለክቶ «ይሄኛው ይበልጣል» ማለትም አያስኬድም። ውሃ የማይወድ ውህድ አጋር ውስጥ ብዙም አይራመድም፤ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ክቡ ሊጠብ ይችላል። ለማወዳደር ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳይበቅል የሚያግደውን ትንሹን የውህድ መጠን) ሥሩ።

ያ ተማሪ ውህዱን ዳግም ክሪስታል አድርጎ ትናንት ተመለሰ። ዲኤምኤስኦው ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ በቅሏል። የውህዱ ክብ ወደ 11 ወርዷል። ኤምአይሲውን ሰኞ እንጀምራለን።