የበገናን ድምፅ የሚያደርቁ ስህተቶች

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ተማሪ በገናውን ይዞ መጣ። ከ10ሩም አውታሮች ሥር የሚገቡትን ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹን፣ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሏቸዋል። «ዝዝ ይላል፣ የተበላሸ መስሎኝ ነው» አለኝ። ጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቀው የሚገባው ስህተት ይኸው ነው። ያ ዝዝታ ብልሽት አይደለም፤ የበገና ድምፅ ማለት እሱ ነው።

እንዚራ በበርኩማውና (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) በአውታሩ መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲነካ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ እንዲመታ ታደርገዋለች፤ በዚያ ምት ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ የሚሰማን ለዚህ ነው። ታንፑራ የተባለው የህንዶች የክር መሣሪያም ዝዝታውን የሚያገኘው በሰፊ በርኩማና ከክሩ ሥር በምትገባ ቀጭን ፈትል ነው።

እንዚራዋን አንዴ አስገብቶ መርሳትም ሌላ ጥፋት ነው። በአንድ እጅ አውታሩን ቀስ ብላችሁ እየነካችሁ፣ በሌላው እንዚራዋን ጥቂት በጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሷት። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ቀጥሎ ሻካራ ጭረት፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ድንገት ይከፈትና ረዘም ብሎ ይቆያል። እዚያው ተዋት። ቅኝት በለወጣችሁ ቁጥር ደግማችሁ ፈትሹ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን ለመዝሙሩ ልምምድ ያህል ጊዜ ይገባዋል እላለሁ።

የአንጀት አውታርን በናይሎን መተካት ለጥገና ይቀላል። ለጆሮዬ ግን የበግ አንጀት የሚሰጠው ሙቀት ናይሎን ላይ የለም፤ የምትችሉ ከሆነ አትቀይሩት።

በጣት ስትደረድሩ ከ10ሩ አውታሮች የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ናቸው፤ ሌሎቹ የጣት ማሳረፊያ ናቸው። ጣታችሁ ገና በሚሰማው አውታር ላይ ካረፈ ዝዝታው በአጭሩ ይቀጫል። በግርፍ፣ ማለትም በጣት ሳይሆን በመምቻ፣ ሲመታ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ 10ሩም ይሠራሉ።

ጮክ ብሎ መዘመርም አይመከርም። በገናው ለድምፃችሁ ይቃኛል እንጂ አይጮህላችሁም፤ እናንተ ዝቅ ስትሉ እሱ ይሰማል።

በስልክ የምትቀዱ ደግሞ «ጩኸት ማጥፊያ» የሚባለውን አጥፉት። መተግበሪያው ዝዝታውን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያስወግደዋል፤ ተማሪዬ በእጁ ያወጣቸውን እንዚራዎች ስልኩ ሳይነካቸው ያወጣቸዋል።